ጦርነት ሲመጣ የመታከም መብት ይታገዳል?

ጥያቄ፦ ጦርነት በመጣ ቁጥር ሐኪም ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ይቀመጣሉ፤ «ጊዜው ነው» እንባላለን። ሕጉም እንዲህ ይላል? (አንባቢ፣ ከላሊበላ)

መልስ፦ አይልም።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን፣ ከሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በተለየ፣ በአስቸኳይ ጊዜ ግዴታን ማገድን የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። አቅም ሲያጥር አፈጻጸሙ ሊዘገይ ይችላል፤ መሠረታዊ ሕክምናን መንፈግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣጣው ያለው አገር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ እነዚህን መብቶች በአንቀጽ 41 ቢደነግግም፣ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም ብሎ ከጠቀሳቸው ድንጋጌዎች ውስጥ 41 የለም። በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸው ሲታሰብ፣ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ታጣቂዎችስ? የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል እነሱንም ያስራል። አንቀጽ 14 ሰላማዊ ሰዎችን ለማስራብ ሰብልን፣ ከብትንና የመጠጥ ውሃ ተቋምን ማጥፋት ይከለክላል። በላሊበላ ዙሪያ፣ ላስታ ውስጥ፣ ሰብልና ከብት ማለት የገብስ ክምርና የእርሻ በሬ ነው፤ በሬው ከታረደ የመጪው ዓመት እርሻም አብሮ ይቀራል።

ላሊበላ በሐምሌ 2013 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ የዓለም ዓይን ያረፈው 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነበር። ለቅርሱ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 16ም ይጠብቀዋል። ግን አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና የሆቴል አስተናጋጁም ከቱሪስቱ ጋር እንጀራቸውን አጥተዋል።

የደረሰበትን ጉዳት በቀንና በቦታ መዝግቦ፣ ፎቶና የምስክር ቃል አያይዞ የያዘ ሰው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።