ግድፈቱ የማን ነው?

ለቨርቹዋላይዜሽን ሥልጠና ባዘጋጀሁት መመሪያ ውስጥ አንዲት አጭር ትእዛዝ ነበረች። ሥራዋ የፕሮሰሰሩን መረጃ ፈትሻ «ቪኤምኤክስ» የሚለው ቃል ስንት መሥመር ላይ እንዳለ መቁጠር ነው። ቃሉ ከተገኘ የኢንቴሉ ፕሮሰሰር ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ የሚያስፈልገው ድጋፍ አለው ማለት ነው፤ በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ የሚፈለገው ቃል ደግሞ «ኤስቪኤም» ነው። እኔ ስጽፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አዛውሬ «ቪኤክስኤም» ብያለሁ። ከጁገል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ የሐረር ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል የተቀመጡ ሠልጣኞች ትእዛዟን እንዳለች ጻፏት። ማሽኑ «ተሳስታችኋል» አላለም። የታዘዘውን ቃል ፈለገ፣ አጣው፣ «0» ብሎ መለሰ። አንዲት ሠልጣኝ ከወንድሟ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ቀስ ብላ ከደነችና «ቲቸር፣ የእኔ አይችልም መሰለኝ» አለችኝ። ላፕቶፑ ይችል ነበር። ጥፋቱ የመመሪያው፣ ማለትም የእኔ ነው።

የቴክኒክ ሰነድ የፊደል ግድፈት ከልብ ወለድ ወይም ከጋዜጣ ግድፈት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣ የሚያነበው ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ ይቅር ባይ ነው፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ የተዛወረውን መልሶ ያልፋል። መመሪያን ግን ዐይን ካነበበው በኋላ ጣት ይጽፈዋል፣ ጣት የጻፈውንም ማሽን ይፈጽመዋል። ስለዚህ እርማት ከመጀመሬ በፊት ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቃል የማን ነው? የአንባቢው ዐይን ነው? የማሽኑ ነው? ወይስ የሌላ ሰው ስም ነው? መልሱ የእርማቱን መንገድ ይወስናል።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ቨርቹዋላይዜሽንን በሐረር ግቢ ላስረዳ። ጁገል ውስጥ ያለ የሐረሪዎች ግቢ የውጭ በሩ አንድ ነው፤ ደጁም የጋራ ነው። በውስጡ ያሉት ቤቶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው በርና የራሳቸው ነደባ (የመቀመጫ መደብ) አላቸው፤ የአንዱ ቤት እንግዳ የሌላውን ቤት ጓዳ አያይም። ቨርቹዋላይዜሽንም አንዱን ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ግቢ ያደርገዋል። ቤቶቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው፣ ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ይቆጥራል። ለየቤቱ ሜሞሪና የፕሮሰሰር ጊዜ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ግቢ የሆነው ማሽን ሆስት፣ ውስጥ ያሉት ጌስት ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ አስተናጋጅና እንግዳ። ሃይፐርቫይዘር ከሚሠሩት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ቪኤምዌር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ኬሙና ዜን የተባሉት ሶፍትዌሮች በ2003 ታዩ፤ ከዚሁ ወገን የሆነው ኬቪኤም በ2007 ወደ ሊነክስ ከርነል ገባ። እንደ ሐረር ባለ፣ ሰርቨር ገዝቶ ቤተ ሙከራ ማቋቋም በሚከብድበት ከተማ፣ በአንድ ደኅና ላፕቶፕ ላይ አራት አምስት ሰርቨር አስነሥቶ መማር መቻል ትልቅ ነገር ነው። ወጣቱ አብዛኛውን የሚማረው ከሰነድ ነው። ሰነዱ ከተሳሳተ አጠገቡ ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

በመጀመሪያው ዓይነት፣ ለዐይን በተጻፈው፣ ብዙ አልቆይም። በማብራሪያ አንቀጽ ውስጥ «ማሽን» በአንድ ገጽ «ማሺን» ቢሆን አንባቢው ይረዳዋል። የሚታረመው ሰነዱ እምነት እንዳያጣ ነው፤ ተራ ቃል ያልተጠነቀቀለት ጸሐፊ ትእዛዙንም እንዳልተጠነቀቀለት አንባቢ ይጠረጥራል። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። እዚህ ውስጥ ለብቻቸው የማያቸው የመለኪያ ቃላት ናቸው። «ጊጋቢት» እና «ጊጋባይት» በዐይን ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ግን የሌላው ስምንት እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የማሽኑ ቃል፣ ዕድሜ ልክ ቢጠና የሚበቃ አይደለም። የእኔ «ቪኤክስኤም» ዝም ብሎ ዜሮ መለሰ። ከዚህም የባሰ አለ፤ ግድፈቱ ራሱ ሌላ ትክክለኛ ቃል ሲሆን። ኬሙ የቨርቹዋል ማሽኑን ሃርድ ዲስክ ከሚያስቀምጥባቸው የፋይል ዓይነቶች አንዱ «ኪውካው2» ይባላል። ከመጨረሻው ቁጥር 2 በስሕተት ቢቀር የሚቀረው «ኪውካው» የድሮው ፋይል ዓይነት ስም ነው። ትእዛዙ ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል፣ ዲስኩም ይፈጠራል። አንባቢው ግን ከሳምንት በኋላ የማሽኑን ሁኔታ በስናፕሾት ልያዝ ሲል አሮጌው ዓይነት አይፈቅድለትም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ገጽ 3 ላይ የጎደለች አንዲት ቁጥር መሆኗን ማን ያስታውሳል?

የእኛ ሰነዶች ብቻ ያላቸው ወጥመድም አለ። ፕሮክስሞክስ የተባለው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር በብራውዘር የሚከፈተው ከማሽኑ አድራሻ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም 8006 ሲጻፍ ነው። መመሪያውን በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነጥቡን ሲነካ ብዙ ጊዜ የሚወጣለት የእኛው የቃል መለያ «፡» ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱን መለየት እጅግ ይከብዳል። ለኮምፒውተሩ ግን የላቲኑ ሁለት ነጥብ በዩኒኮድ ቁጥሩ 58፣ የእኛው 4961 ነው። አንባቢው አድራሻውን ከሰነዱ ገልብጦ ይለጥፋል፤ ገጹ አይከፈትም። በየትኛውም ቋንቋ ሰነድ የሚያጋጥም የሰረዝ ወጥመድም አለ። ብዙ የሊነክስ ትእዛዞች ሁለት አጭር ሰረዝ ተከታትለው እንዲጻፉ ይጠይቃሉ፤ ማይክሮሶፍት ወርድ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን አጣምሮ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይለውጣቸዋል። ስለዚህ ትእዛዝን በዐይን ብቻ አላርምም። ከታተመው ሰነድ ላይ ራሴ እገለብጠዋለሁ፣ ባዶ ቨርቹዋል ማሽን ላይ አስኬደዋለሁ፣ ከዚያ ብቻ «ትክክል ነው» እላለሁ። ለመሞከሪያ የሚሆን ማሽን በነፃ የሚሰጠን ሶፍትዌር እያለ ሳይሞክሩ ማረም ይቅርታ የለውም።

አሁን ወደ ከተማይቱ ስም ልምጣ። ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር፤ ሦስቱንም በየማስታወቂያውና በየደብዳቤው ታያላችሁ። ብዙ ሰው በሐመሩ ሐ ይጽፋታል። በዐረብኛ ስሟ የሚጻፈው ከሃሌታው ሀ ጋር በሚዛመደው ፊደል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ሀረር» ቢል መከራከሪያ አለው። አማርኛ አንባቢ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ዩኒኮድ ግን፣ የእኛን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ሲቀበል፣ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱን ቁጥር ሰጠ፦ ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው መዝገበ ቃላታቸው «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ርእስ ሰጥተዋል፤ ማሽን እንዲህ ያለውን ምርጫ ሊያጠፋ አይገባውም። መዘዙ ግን የመመሪያ ጸሐፊ ላይ ይወርዳል። አንድ አስተዳዳሪ የቨርቹዋል ማሽኑን ፋይሎች «ሐረር» ብሎ በሰየመው ፎልደር ቢያስቀምጥና መመሪያው ምዕራፍ 4 ላይ «ሀረር» ቢል፣ የሚመጣው መልስ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል ነው። በሰነዱ ውስጥ «ሃርድ ዲስክ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢም «ሐርድ ዲስክ» ተብሎ የተጻፈውን ገጽ ላያገኘው ይችላል። «ቨርቹዋል»፣ «ቨርችዋል»፣ «ቪርቹዋል» የሚሉት ሲጨመሩ ደግሞ አንድ ሐሳብ ብዙ ቦታ ይበተናል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ከእነዚህ አጻጻፎች የትኛው «ትክክል» ነው ብሎ በመከራከር ጊዜ ማጥፋት ለሰነዱ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው አንዱን መርጦ በሰነዱ መግቢያ ላይ መመዝገብና እስከ መጨረሻው ገጽ በዚያው መጽናት ነው። እኔ የማዘጋጃቸው መመሪያዎች ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ አጭር የቃላት ሰንጠረዥ አላቸው፤ አራሚ የሚመዝነኝ በዚያ ሰንጠረዥ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ስም ነው። የጁገልን በሮች ተመልከቱ። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ በአማርኛ ሸዋ በር ነው። በድሪ በሪ ቡዳ በር ነው፤ ሱቁጣት በሪ ሰንጋ በር፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፤ አሱም በሪ ፈላና በር። ከተማውን የማያውቅ አራሚ «በሪ» የሚለውን ሁሉ «በር» አድርጎ ቢያስተካክል፣ ከግድፈት ያጸዳ መስሎት የአንድን ሕዝብ ቃል አጠፋ ማለት ነው። የሶፍትዌር ስምም እንዲሁ ባለቤት አለው። የቨርቹዋል ማሽኖች ማስተዳደሪያ የሆነው የ«ሊብቨርት» ስም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም፤ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ቀይ ያሰምርበታል። ስሙ ግን እርሱው ነው፤ ባለቤቶቹ የሚጽፉትም በትንንሽ ፊደላት ነው።

ከስምም አልፎ፣ ስሕተት ሆኖ የማይታረም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ «ሪፈረር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ «አር» ጎድሎት ጻፈው፤ የዓለም ብራውዘሮችና ሰርቨሮች ዛሬም በዚያው ጎደሎ አጻጻፍ ይነጋገራሉ። በዩኒክስ ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ የመጨረሻዋ «ኢ» የቀረችበት ነው፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ቢሠራ ምን እንደሚለውጥ ሲጠየቅ ያችን ፊደል እንደሚጨምር መናገሩ ይታወቃል። ፊደሏ ግን እስከ ዛሬ አልተጨመረችም፤ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራም በጎደለው ስም ላይ ቆሟል። በሃይፐርቫይዘር ውስጥም ፕሮግራሙ ራሱ የሚቀበለው ቃል የተገደፈ ከሆነ ሰነዱ ፕሮግራሙን መከተል አለበት። አራሚው የሚያደርገው «ቃሉ እንዲህ የተጻፈው ፕሮግራሙ ስለሚጠብቀው ነው» የሚል ማስታወሻ ማኖር ነው፤ ያለዚያ ቀጣዩ ቅን አራሚ መጥቶ ይሰብረዋል።

አሁን እርማቱ እንዴት ይጻፋል? ጁገል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በሐረር የተገለበጡ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል። በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ልማድ ገልባጭ ቃል ዘልሎ ሲገኝ ቦታው ላይ ምልክት ይደረግና የጎደለው ቃል በኅዳጉ ላይ ይጻፋል፤ ከአጠገቡም «ሰሕ»፣ ማለትም «ትክክል ነው»፣ ተብሎ ይጻፋል። የተጻፈው አይፋቅም። የኋላ አንባቢ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ ሁለቱንም ያያል። የዛሬው የሶፍትዌር ሰነድም የሚታረመው በዚሁ መንፈስ ነው። ጊት በሚባለው መሣሪያ የድሮው መሥመር በመቀነስ ምልክት፣ አዲሱ በመደመር ምልክት ተከታትለው ይታያሉ፤ ከላይ አራሚው ምክንያቱን ይጽፋል። እንደ ኬሙ ባሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ለእንዲህ ያሉ ጥቃቅንና ግልጽ እርማቶች የተለየ መንገድ ተዘጋጅቷል፤ ሥራው የተናቀ አይደለም።

ረዳት ፕሮግራምም አለ። ኮድስፔል የሚባለው ሰዎች አዘውትረው የሚሳሳቷቸውን ቃላት ዝርዝር ይዞ ይፈልጋል፤ በዝርዝሩ የሌለውን አይነካም። ስለዚህ «ሊብቨርት»ን አያስቸግርም፤ የእኔን «ቪኤክስኤም»ም ያሳልፈው ነበር። የሚያቀርበውን ሁሉ በጅምላ አልቀበልም፤ አንድ በአንድ አየዋለሁ። የአንቀጽ ግድፈትንና የትእዛዝ ግድፈትንም በአንድ እርማት አልቀላቅልም፤ የመጀመሪያውን አንብቦ ማጽደቅ ይቻላል፣ ሁለተኛው መሞከር አለበትና።

በእርማቱ ማብራሪያ መጨረሻ ከሚሰፍሩት ስሞች አንዱ ግድፈቱን ያገኘው ሰው ስም ነው። ይህ በሊነክስ ከርነልም ሆነ በኬሙ የቆየ ልማድ ነው። የእኔን መመሪያ ሳርም «በፕሮሰሰር መፈተሻው ትእዛዝ ሁለት ፊደላት ተዛውረው ነበር፤ በሁለት ማሽኖች ተሞክሮ ታርሟል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ያችን ሠልጣኝ ጠራኋትና ስሟን በሥሩ እንደማኖር ነገርኳት። ላፕቶፑን እንደገና ከፍታ አዲሷን ትእዛዝ ስትሞክር ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ወጣላት። ስሟን በሃሌታው ሀ ጀምሬ ስጽፍ አይታ «ቲቸር፣ በሐመሩ ነው» አለችኝ፤ እስክሪብቶውን ሰጠኋትና ራሷ ጻፈችው።