የመንገደኛ አጥሚት

አጥሚት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አራስን ወይም የታመመን ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን አጥሚት ለመንገደኛም የሚገባ መሆኑንና መንገደኛ ሁሉ በቀላሉ ሊያዘጋጀው የሚችል መሆኑን ነው። ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን መጽሐፍ ሳይሆን የራሳችን ስሕተት ስለ ሆነ፣ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

ባለፈው ኅዳር 6 ቀን፣ በቁስቋም በዓል ዕለት፣ አምስት ሆነን ገና ሳይነጋ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ቁስቋም ወጣን። ከዚያም እንጦጦ ለመድረስ አስበን ነበር። ቁርስ አልበላንም። ከመካከላችን ለአንዱ እናቱ በየዓመቱ የአጃ ዱቄት ይልኩለታል፤ እርሱ ግን በመኝታ ቤት «አራስ ነህ ወይ?» እየተባለ ስለሚሣቅበት፣ ዱቄቱን ከሻንጣው ሥር ደብቆ ነቀዝ ይበላዋል። ከሣቂዎቹም መካከል እኛ ነበርን። የዚያን ዕለት ብርዱን ስለ ፈራን ከዱቄቱ ዘግነን ፔርሙዝ ውስጥ ጨመርንና የፈላ ውሃ አፈሰስንበት። ቁስቋም ደርሰን ብንከፍተው ላዩ ውሃ፣ ሥሩ ደግሞ የጓጐለ ጥሬ ዱቄት ሆኖ አገኘነው። የዱቄቱ ባለቤትም እየተንቀጠቀጠ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ።

አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው አይተውን ወደ ቤት አስገቡን። ፔርሙዙን ተመለከቱና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ሣቁ። ወዲያው ድስት ጣዱ። «ልጆቼ፣ አጃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል እንጂ በደረቁ ፍል ውሃ አይፈስበትም» አሉን። ጥቂት ቆይቶም ጨውና ቅቤ የገባበት አጥሚት ተቀዳልን። ጓደኛችን ሁለት ኩባያ ጠጥቶ ተነሣ።

የእማማ ቃል ምክንያት አለው። በዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ደረቅ ዱቄት በድንገት ፍል ውሃ ሲያገኘው ውጩ ቶሎ ይለጠልጥና እንደ ቆዳ ሆኖ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ጓል የሚባለው ይህ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ ቢበጠበጥ ግን ቅንጣቶቹ ይለያያሉና ሁሉም እኩል ይበስላል።

ሌላም ነገር አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መፍያው በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ውሃ በፔርሙዝ ውስጥ ሆኖ ይበርዳል እንጂ አይጨምርም። እንግዲህ የማብሰል ሥራ የእሳት ነው፤ ፔርሙዝ የበሰለውን ይጠብቃል እንጂ እንደ እሳት አያበስልም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ለ1 ሊትር ውሃ በደንብ የተቆለለ 4 የሾርባ ማንኪያ የታመሰ የአጃ ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በሚፈላው ውሃ ላይ ማፍሰስ፣ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ያህል ማፍላት፣ በመጨረሻም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ቅቤ መጨመር ነው። በጾም ቀን በቅቤ ፈንታ ዘይት ይገባል። ፔርሙዙን አስቀድሞ በፍል ውሃ ማሞቅ ይገባል፤ ለብ ባለ አጥሚት ውስጥ ተሕዋስያን ስለሚራቡ ሳይበርድ መጠጣት ያስፈልጋል።

እሳት ለማያገኝ መንገደኛ ደግሞ በሶ አለለት። የበሶ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ የእሳቱን ሥራ ከቤት ጨርሶ ይወጣል። በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ከሻይ ቤት የተለመነ ፍል ውሃና ጨው ቢጨምሩበት መጠጡ ተዘጋጀ ማለት ነው። ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ አይደለም። የቲቤት ደገኞችም ገብስ ቆልተው ይፈጩና ቅቤና ጨው ባለው ሻይ ያሹታል። ብርድ፣ ገብስና ረጅም መንገድ በተገናኙበት አገር ሰው ተመሳሳይ ብልኀት አግኝቷል።

በቀድሞዎቹ ታላላቅ የባሕር መርከቦች ላይ ለመንገደኞች ረፋድ ላይ ትኩስ የሥጋ መረቅ ማደል የታወቀ ልማድ ነበር። ነገር ግን ቀጭን መረቅ ያሞቃል እንጂ ብዙም አያጠግብም። ሒሳቡን እንመልከት። በ60 ዲግሪ የሚጠጣ ሩብ ሊትር ፈሳሽ ለሰውነት የሚሰጠው ሙቀት 6 ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይሞላም። በዚያው ኩባያ ያለው 15 ግራም ያህል የአጃ ዱቄት ግን ከ50 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል። ጓደኛችንን ከተቀመጠበት ያስነሣው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እህሉም ነበር።

ከቁስቋም ከተመለስን ወዲህ በመኝታ ቤታችን ዱቄቱ ከሻንጣ ወጥቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። «አራስ ነህ ወይ?» የሚልም የለም። ቁስቋም ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው፤ እኛም በዚያ ስም በሚጠራው ሰፈር መንገደኛ ሆነን አርፈናል። እናቶቻችን ስንቅ ሲልኩ በችኮላ ያላዩልንን ብርድ አስቀድመው አይተውት ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በሻንጣችሁ ሥር የተደበቀ ዱቄት ካለ ነቀዝ ሳይቀድማችሁ አውጡት።