የገጠር ኤሌክትሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባሎቹና ለአካባቢው የሚሰጠው አገልግሎት

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለገበሬዎችና ከገበሬዎች ጋር ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ለማይችለው ጎረቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት።

ስለ ኤሌክትሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ምሰሶውንና አምፖሉን ነው። ነገር ግን ምሰሶው ከመተከሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መስመሩ የማን ነው? ሲበላሽስ የሚያሠራው ማን ነው?» የሚል ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመራ የገጠር ኤሌክትሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «የእኛ የተጠቃሚዎቹ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትልቅ ግዴታም አለበት። ሁለቱንም ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

1. ማኅበሩ ምን ዓይነት ነው?

ዕድርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድንኳኑና ድስቱ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ የአባሎቹ ሁሉ ነው። መዋጮ ይከፈላል፣ ዳኛ ይመረጣል፣ ሒሳብ ይነገራል፣ ከስብሰባ የቀረም ይቀጣል። የኤሌክትሪክ ማኅበርም ሥሩ ይኸው ነው። መብራት የሚፈልግ ሰው የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ አባል ይሆናል። አባሎች በጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው የሥራ አመራር ቦርድ ይመርጣሉ። ቦርዱ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል፤ ሥራ አስኪያጁም የመስመር ሠራተኞችንና ሒሳብ ያዡን ያሠራል። ወፍጮ ያለው ሀብታምና አንድ አምፖል ብቻ የምታበራ መበለት በጉባኤው ላይ እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው።

2. ገበሬዎች ለምን እንዲህ ያለ ማኅበር አቋቋሙ?

ይህ ዓይነት ማኅበር በብዛት የተስፋፋው በአሜሪካ ስለሆነ ምሳሌውን ከዚያው እንወስዳለን። የአሜሪካው ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከ10 የገጠር ቤቶች 9ኙ ያህል ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም፤ በከተማ ግን አብዛኛው ቤት መብራት ነበረው። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ ነጋዴዎች ስለነበሩ በጥቂት ምሰሶ ብዙ ቤት የሚገኝበትን ከተማ ይመርጡ ነበር። በገጠር ብዙ ምሰሶ ተተክሎ የሚገኘው ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «ወጪያችንን አይመልስም» ብለው ገበሬውን ተዉት።

በ1935 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1936 ደግሞ ሥራው በሕግ ጸና። መሥሪያ ቤቱ መስመር የሚዘረጋ ገንዘብ በአነስተኛ ወለድ በረዥም ጊዜ የሚመለስ አድርጎ አበደረ። አብዛኞቹ ተበዳሪዎች ገበሬዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበሮች ሆኑ።

ከነዚህ አንዱ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በ1938 የተቋቋመው የፔደርናሌስ ማኅበር ነው። አገሩ ከኦስቲን ከተማ በስተ ምዕራብ ያለ ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ሴቶች ውሃ ከጉድጓድ ቀድተው በባልዲ ያመላልሱ ነበር፤ ካውያ በእንጨት ምድጃ ላይ እያጋሉ ይተኩሱ ነበር፤ ሌሊቱም በላምባ ያልፍ ነበር። በዚያው አካባቢ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የቡካናን ግድብ በ1937 ተፈጽሞ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ኃይሉ በአጠገባቸው ሳለ ለገበሬዎቹ ግን አልደረሳቸውም።

አበዳሪው መሥሪያ ቤት በ1 ማይል መስመር ቢያንስ 3 ቤት እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር፤ የዚያ አገር ቤቶች ግን ከዚህ የተራራቁ ነበሩ። የአባልነት መያዣው 5 ዶላር ብቻ ሲሆን ይህንንም ለመክፈል የሚቸገር ገበሬ ብዙ ነበር። የአካባቢው የምክር ቤት እንደራሴ ሊንደን ጆንሰን፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ ጉዳዩን እስከ ሩዝቬልት አደረሱት። ብድሩም በ1938 ተፈቀደ፤ በ1939 መብራቱ በራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው በዚያ ኮረብታ ላይ በሥራ ታየ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ ከ10 እርሻዎች 9ኙ ኤሌክትሪክ አግኝተው ነበር። አበዳሪው መሥሪያ ቤት በ1994 በሌላ ተተክቷል፤ ማኅበሮቹ ግን ወደ 900 የሚጠጉ ሆነው ዛሬም ይሠራሉ።

3. ገንዘቡ እንዴት ይሄዳል?

ማኅበሩ ለማትረፍ አልተቋቋመም። ቢሆንም በዓመቱ መጨረሻ ከወጪ የሚተርፍ ገንዘብ ሊኖር ይገባል፤ አለዚያ አንድ ማዕበል ምሰሶ ሲጥል መተኪያ አይገኝም። የሚከተለውን ለምሳሌ ያህል ተመልከቱ።

100 አባሎች ያሉት ማኅበር በዓመት ከቆጣሪ 300,000 ብር ሰበሰበ እንበል።
ኃይል ለመግዛት 160,000 ብር ወጣ።
ለሠራተኛ ደመወዝና ለጥገና 70,000 ብር ወጣ።
ለብድር ወለድና ላረጀ ዕቃ መተኪያ 50,000 ብር ሄደ።
የተረፈው 20,000 ብር ነው።

በንግድ ኩባንያ ቢሆን ይህ 20,000 ብር የባለ አክሲዮኖች ነበር። በማኅበሩ ግን እያንዳንዱ አባል በተጠቀመው ልክ በስሙ ይመዘገብለታል። በዓመት 3,000 ብር የከፈለ አባል ከገቢው መቶኛውን ስለከፈለ 200 ብር ይጻፍለታል። ገንዘቡ ወዲያውኑ በእጁ አይሰጠውም፤ ማኅበሩ ለምሰሶና ለሽቦ ይሠራበትና ከዓመታት በኋላ አቅሙ ሲፈቅድ ይመልስለታል። ስለዚህ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ በስማችሁ የተጻፈው ስንት እንደሆነም በየዓመቱ ጠይቁ።

4. ለአባሎችና ለአካባቢው የሚሰጠው አገልግሎት

ለአባሎች፤ ማኅበሩ መስመር ይዘረጋል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ብልሽት ያድሳል፣ የቤት ውስጥ ሽቦ በደንብ መሠራቱን ይመረምራል። ጥሩ ማኅበር በዚህ አያቆምም፤ ኤሌክትሪክ ለእርሻ ሥራ እንዴት እንደሚጠቅም ለአባሎቹ ያስተምራል። አምፖል ብቻ የሚያበራ ገበሬ ክፍያው ወጪ ነው፤ ውሃ የሚስብበት፣ ወተት የሚያቀዘቅዝበት ወይም ጫጩት የሚያሞቅበት ገበሬ ግን ከሚከፍለው የሚበልጥ ገቢ ሊያገኝበት ይችላል።

ለአካባቢው፤ የጤና ጣቢያው ክትባት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ተማሪ ማታ ያነባል። ወፍጮ በቅርብ ሲተከል እናቶች እህል ተሸክመው ሩቅ አይሄዱም። የሚከፈለው ደመወዝም ከአካባቢው ልጆች ለተቀጠሩት ስለሚደርስ እዚያው ይቀራል።

ጥንቃቄን በሚመለከት ይህን አትርሱ። የወደቀ ሽቦ የሞተ ቢመስልም አትንኩ፤ ልጆችንና ከብቶችን አርቃችሁ ለማኅበሩ ንገሩ። በምሰሶው ወይም በመወጠሪያ ሽቦው ላይ ከብት አትሰሩ። ባሕር ዛፍ ከመስመር ሥር አትትከሉ።

5. አባል ቢተኛ ምን ይደርሳል?

የፔደርናሌስ ማኅበር አድጎ ዛሬ በአባል ብዛት ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማኅበሮች ሁሉ ትልቁ ሆኗል። ነገር ግን እያደገ ሲሄድ ሥልጣኑ በጥቂት ሰዎች እጅ ለብዙ ዘመን ቆየ፤ አዲስ ሰው ተወዳድሮ ወደ ቦርዱ ለመግባት አስቸጋሪ ነበር። በ2007 አባሎች የገንዘቡን አያያዝና የቦርዱን አመራረጥ ተቃውመው ክስ አቀረቡ። በ2008 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ምርጫውም ለአባሎች ውድድር ተከፈተ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አባል ስብሰባ መሄድ ሲተው፣ ሒሳብ መጠየቅ ሲያፍር፣ «ሌሎቹ ይመልከቱት» ሲል ማኅበሩ የሌላ ሰው ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲበጠስ መብራት ስለሚጠፋ ሁሉ ያውቃል። አባልንና ማኅበርን የሚያገናኘው መስመር ሲበጠስ ግን መብራቱ እንደበራ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ማንም አያውቅም።

6. ለልማት ሠራተኞች

በአገራችን መስመር የሚያከፋፍለው በአብዛኛው የመንግሥት ድርጅት ነው። ሆኖም ይህ ትምህርት መስኖ ፓምፕ፣ ወፍጮ ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በጋራ ለሚይዙ ገበሬዎችም ያገለግላል። የኅብረት ሥራ ማኅበሮች አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበር የሚቋቋምበትን መንገድ ስለሚወስን አስቀድማችሁ አንብቡት። ገበሬዎች ገንዘብ ከማዋጣታቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ መልሱ።

ሀ. ስንት ቤት ይገባል? ቤቶቹስ ምን ያህል ይራራቃሉ?
ለ. ኃይሉ ከየት ይመጣል? ዋጋውስ ስንት ነው?
ሐ. ብድሩ በስንት ዓመት ይከፈላል? ሰብል ቢጠፋ ክፍያው እንዴት ይሆናል?
መ. ብልሽት የሚያድሰው ሰው ማን ነው? መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል?
ሠ. ሒሳቡን ከቦርዱ ሌላ የሚመረምረው ማን ነው?

ከአምስቱ ለአንዱ እንኳ መልስ ካልተገኘ ገንዘብ አትሰብስቡ፤ ቆዩ፣ መርምሩ። የገበሬ እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ ከምሰሶ ይልቅ ለመትከል ያስቸግራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዕድራችሁ ሒሳብ በዓመት ስንት ጊዜ ይነገራል? ካልተነገረ የሚጠይቅ ማን ነው?
2. ብዙ ኃይል የሚጠቀምና ጥቂት የሚጠቀም አባል እኩል ድምፅ ማግኘታቸው ትክክል ነውን? ለምን?
3. ከ20,000 ብሩ ትርፍ ሁሉም በዓመቱ ቢከፋፈል በሚመጣው ክረምት ምን ሊደርስ ይችላል?

በነዚህ ጥያቄዎች ላይ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩ። ከመካከላችሁ አንዱ የተባለውን ጽፎ ይያዝ፤ ማኅበር የሚጀመረው ከዚያ መዝገብ ነው።