እጃችንን የታጠብን እግር ማጠብን ተማርን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልናካፍላችሁ የፈለግነው ከአገልግሎት ጉዟችን ያገኘነውን ትምህርት ነው። ትምህርቱን ያገኘነው መልካም በመሥራታችን ሳይሆን በመሳሳታችን ስለሆነ ሳንሸፋፍን እንጽፈዋለን።

በዩኒቨርሲቲ የምንማር አሥራ አራት የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት በዕረፍት ጊዜያችን በሥጋ ደዌ ታመው የነበሩና ከነቤተሰባቸው በአንድ መንደር ሰፍረው የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለማገልገል ተነሣን። ሁለት ወር ሙሉ ልብስና ጫማ ከየቤቱ ሰበሰብን፤ መዝሙር አጠናን፤ ስብከት አዘጋጀን። በደረስንበት ቀን ዘመርን፣ ሰበክን፣ ያመጣነውን አከፋፈልን፣ ተመርቀንም ተመለስን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን አንድ ነገር አንደብቅም፤ ከመንደሩ ጥቂት ራቅ እንዳልን አንዳንዶቻችን አውቶቡሱን ወንዝ ዳር አስቁመን እጃችንን በሳሙና ደጋግመን ታጠብን። ስለ ፍቅር ሰብከን መጥተን ነበር፤ የጨበጡን እጆች ግን አስፈርተውን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀረውን እህል ለማድረስ አምስት ሆነን ስንመለስ፣ ጫማ የሰጠናቸው አንዲት እናት እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጫማው ጠባብና ደረቅ ስለነበረ ተረከዛቸውን ልጦ አቁስሎታል። ደንግጠን «እማማ፣ ሲያምዎት ለምን አላወለቁትም?» ብንላቸው፣ ፈገግ ብለው «ልጆቼ፣ ቢያመኝማ መች አደርገው ነበር? እግሬ ሕመም መስማት ከተወ ስንት ዘመኑ!» አሉን። ቀጥለውም «ልጆቼ የሰጡኝ ነው እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ስስም አደርገው ነበር» ሲሉን የምንገባበት ጠፋን።

በዚያው ቀን በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ የሚሠሩ አንዲት ሲስተር አስቀምጠው አስተማሩን። ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳገኘው በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ይህም ተሕዋስ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር ስሜት ያጣሉ፤ ሰውየው የጋለ ድስት ሲያቃጥለው፣ ሚስማር ሲወጋው አያውቅም። ብዙ ጊዜ ጣቶችን የሚያሳጣው እንዲህ ያለው ሳይታወቅ የቆየ ቁስል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ፣ በሽታው እንደ ዓይነቱ በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ሕክምና ይድናል። መድኃኒት የጀመረ ሰውም ወደ ሌላ አያስተላልፍም። የሞተ ነርቭ ግን በመድኃኒት አይመለስም፤ ስለዚህ የዳነ ሰውም ዕድሜውን ሙሉ እግሩን መጠበቅ አለበት። ጫማውም ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ወንዝ ዳር እጃችንን የታጠብነው ከብዙ ዘመን በፊት ድነው ከነበሩ ሰዎች ተለይተን ነበር! ጲላጦስም እጁን ታጥቧል፤ መታጠቡ ግን ንጹሕ አላደረገውም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ለምጻሙ ወደ ጌታችን ቀርቦ በለመነው ጊዜ ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ሲችል እጁን ዘርግቶ እንደዳሰሰው እናነባለን። ሰውየው ከደዌው በላይ የሰው እጅ ናፍቆት እንደነበረ ፈጣሪው ያውቅ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ ጌታችን ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ተከትሎ ከከተማው ውጭ ለድሆችና ለበሽተኞች መጠጊያ አሠራ፤ በዚያም በለምጽ የታመሙትን ሳይጸየፍ ይስማቸው ነበር።

እኛም ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሳፋና ቫዝሊን ይዘን ሄድን። ሥራውን ያስተማሩን እኒያው እናት ናቸው። እግሩ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል፤ የደደረው ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይፈገፈጋል፤ ርጥበቱ ሳይደርቅ ቅባት ይቀባል፤ በመጨረሻም በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቁስል እንዳለ ይታያል። «ይህ በየቀኑ ነው» አሉን፤ «ዓይኔ ስለደከመ ቁስሉን የሚያይልኝ ሰው ነው የቸገረኝ።» በመጀመሪያው ቀን ብንጠይቃቸው ኖሮ ይህንኑ ይነግሩን ነበር። እኛ ግን ሳንጠይቅ ጫማ ሰጠናቸው። ስለዚህ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ተመካክረን፣ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን እግር የሚያዩ ተራ ገቢዎች ተመደቡ። እኛ በወር አንድ ጊዜ እንሄዳለን፤ እነርሱ በየቀኑ አሉ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

1ኛ/ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ይገባል። ሳይጠይቁ የሰጡት ስጦታ የሰጪውን ልብ ያስደስታል፤ የተቀባዩን እግር ግን ሊያቆስል ይችላል።

2ኛ/ ዕውቀት የፍቅር ረዳት ናት። ስለ በሽታው አንድ ገጽ አንብበን ብንሄድ ኖሮ እኛም ባልፈራን፣ እርሳቸውም ባልቆሰሉ ነበር።

3ኛ/ አገልግሎት የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም። አንድ ቀን ዘምሮ መመለስ ቀላል ነው፤ እግር ግን በየቀኑ ይታጠባል።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት አባቶቻችን የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ሁላችንም እግራችንን ለመዘርጋት እንሽቀዳደማለን። ለማጠብ ጎንበስ የምንለውስ መቼ ነው? የእኒያ እናት ቁስል አምስት ወር ፈጅቶ ድኗል። እርሳቸው ይቅር ብለውናል፤ እኛ ግን እንዳንረሳው ጠባቡን ጫማ ይዘነው መጥተን በሰንበት ትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል። እሑድ ስትመጡ እዩት።

ለውይይት፦ ጌታችን ለምጻሙን ከማንጻቱ አስቀድሞ ለምን ዳሰሰው? በአጥቢያችን ሳንጠይቃቸው የምንረዳቸው፣ ወይም ፈርተን የምንርቃቸው እነማን ናቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።