የባቻችን ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ዝም አልኩ

ጥያቄ፦ በ2003 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ አሁን አዳማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ የክፍላችን ልጅ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ባቹን ሰበሰበን። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን፣ አንዷ ሜሪላንድ ቤት መግዛቷን፣ ሌላው ሦስተኛ ልጁን ክርስትና ማስነሳቱን ሳይ አንድ ቃል መጻፍ አቃተኝ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ከተፋታሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሁለት ልጆቼ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ነሐሴ ላይ 15ኛ ዓመታችንን ለማክበር ጅማ እንገናኝ እየተባለ ነው። ከግሩፑ ልውጣ? ብሄድስ ስለ ትዳሬ ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ? ዶርም አብራኝ የኖረች የአዲግራት ልጅም ግሩፑ ውስጥ አለች፤ እሷም ዝም ብላለች። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተዘግቶ አላገኘኋትም፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምደውልላት ጨነቀኝና ይኸው ዓመታት አለፉ።
ሰ. ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ሰ.፣ ስለ ግሩፑ ብዙ ጽፈው ስለ ጓደኛዎ በመጨረሻ ጥቂት መስመር ብቻ ጨመሩ። ለእኔ ግን የደብዳቤው ክብደት ያለው እዚያ ነው። ግሩፑን ቶሎ ልጨርስና ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳብራራው፣ ሰው ራሱን የሚለካው በሚመስለው ሰው ነው። የማያውቁት ሰው ቪላ ቢሠራ እንቅልፍ አይነሳዎትም። አንድ ካፌ ተሰልፎ የበላ፣ ለአንድ ፈተና አብሮዎት ያደረ ልጅ ሲሆን ግን «እኔስ የት ቀረሁ?» ያሰኛል። ይህ ምቀኝነት አይደለምና ራስዎን አይውቀሱ። ሆኖም የሚለኩበት ነገር የተሟላ አይደለም። እነ አሌክሳንደር ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ሐዘንና ብቸኝነት በእጅጉ አሳንሰው ይገምቱ ነበር፤ ሰው የሚከፋው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሆን፣ ሌሎች የሚያዩት ደግሞ ሲስቅ ነውና። እስቲ ግሩፑን ይክፈቱና ስንት አባል እንዳለው፣ ከዚያም ውስጥ በዚህ ወር ስንቱ እንደጻፈ ይመልከቱ። ዝም ካሉት መካከል ልጅ ያጣ፣ ሥራ የለቀቀ፣ እንደ እርስዎ የተፋታ አይኖርም ብዬ አላምንም። የሜሪላንዷም ቤት ቢሆን፣ እዚያ አገር ብዙ ሰው ቤት የሚገዛው በ30 ዓመት በሚከፈል የባንክ ብድር ነው። ደስታዋን ላሳንስባት ብዬ አይደለም፤ ደስ ይበላት። ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር እሷም ጋ እንዳለ እንዲያስቡ ብዬ ነው።

ስለዚህ አይውጡ። የግሩፑን ድምፅ ያጥፉና ሲመችዎት ብቻ ይግቡ። ስለ ትዳርዎ ለሚጠይቅዎት ረጅም ማብራሪያ አያዘጋጁ። «ተለያይተናል፤ ልጆቹ አብረውኝ ናቸው፣ ደህና ናቸው» ይበሉና ወዲያው ስለ ጠያቂው ቤተሰብ ይጠይቁ። ሰው ነገሩን የሚይዘው እርስዎ በያዙበት ድምፅ ነው። መዋጮው ከከበደዎት ለአስተባባሪው በግል ይንገሩት፤ ከ15 ዓመት በኋላ ሊያይዎት የሚፈልግ ሰው በብር ምክንያት እንዲቀሩ አይፈልግም።

አሁን ወደ አዲግራቷ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ተመድበን ስንገባ አንድ ክፍል የሚያኖሩን በሌላ መንገድ ልንገናኝ ከማንችል ሰዎች ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አገሪቱ ያለፈችበትን ያውቁታል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው ጦርነት ትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ያኔ አለማግኘትዎ የእርስዎ ጥፋት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያቆየዎት ሐፍረት ነው፤ ሐፍረት ደግሞ በዘገየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ይህ የእርስዎ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልዎት። እነ ላራ አክኒንና ጂሊያን ሳንድስትሮም እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የናፈቁት የቀድሞ ጓደኛ እያላቸው፣ አድራሻውን ይዘው፣ መልእክቱንም ጽፈው ሳለ የላኩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በፔጊ ሊው የተመራው እ.ኤ.አ. የ2022 ጥናት ደግሞ በድንገት የተጠየቀ ሰው፣ ጠያቂው ከሚገምተው በላይ ደስ እንደሚለው አሳይቷል።

ግሩፑ ላይ ሳይሆን ለብቻዋ ይጻፉላት። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። እኛ ሰላምታ ስንሰጥ እናትሽስ፣ አባትሽስ፣ ወንድምሽስ እያልን በየስሙ እንጠይቃለን። ለእሷ እንዲህ አይጠይቁ፤ የትኛው ስም ቁስል እንደሆነ አያውቁምና። ስለ ጦርነቱ ማን ምን እንዳደረገም አያንሱ። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ሰላም ነሽ? ስልክ ሲከፈት ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር፤ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ቆየሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁሌም አስብሻለሁ። ማውራት ስትፈልጊ አለሁ።» ምክንያት አይደርድሩ። ሐዘን ካለ ትነግርዎታለች፤ ያኔ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበሏት። ሐዘን ዘግይቶ የሰማ ሰው ከዓመታት በኋላም ለቅሶ ይደርሳል፤ ማንም ዘገየህ ብሎ አይመልሰውም። የራስዎንም ፍቺ ይንገሯት። አብራችሁ የኖራችሁት በክፉም በደጉም ነውና ለእሷ ፎቶ ማሳየት አይጠበቅብዎትም።

ምናልባት ቶሎ አትመልስም፤ ጭራሹን ላትመልስም ትችላለች። የምትቆጣም ከሆነ ሳይከራከሩ ይስሟት፤ ቁጣዋን ለእርስዎ መንገሯ ራሱ በሩን አለመዝጋቷ ነው። ዝም ካለች ደግሞ አያጨናንቋት፤ ለአዲስ ዓመት አንድ የመልካም ምኞት መልእክት ይላኩና በዚያ ይቆዩ። የጅማውን ጉዞ ለመወሰን እስከ ነሐሴ ጊዜ አለዎት። ለእሷ መጻፉን ግን እስከዚያ አያቆዩት።