ጎመን፣ ጾምና ደም ማቅጠኛ፦ የፋርማሲስት ሥራ የት ድረስ ነው?

የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ስለ ፋርማሲ ልጽፍ ስነሳ የፋርማሲ ተማሪ ጓደኞቼ «አንቺን ምን አገባሽ?» ብለውኛል። ያገባኝ በአክስቴ በኩል ነው።

አክስቴ የልብ ምታቸው ስለሚዛባ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ዋርፋሪን «በቀን አንድ ፍሬ» ተብሎ የሚተው መድኃኒት አይደለም። አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው መለካት አለበት፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ቢሆን ይፈለጋል። ሲያንስ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ መድማት አለ።

ባለፈው ዓመት በዓቢይ ጾም ቁጥራቸው 1.6 ሆነ። ያን ጊዜ ይከታተሉበት የነበረው ክሊኒክ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረላቸው። ከፋሲካ በኋላ 4.8 ደረሰ፤ አንድ ሌሊት ነስር አልቆም ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል አደርን። «ምናልባት በትክክል አልወሰዱት ይሆናል» ተባሉ። አክስቴ የመድኃኒት ሰዓታቸውን እንደ ጸሎት ሰዓታቸው የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ከነስሩ ይልቅ ይህ ነው የከፋቸው።

ዘንድሮ ሌላ ክሊኒክ ገባን። እዚያ ዋርፋሪን የምትከታተለው ፋርማሲስት ነች፤ ከሐኪሞቹ ጋር በተፈረመ ስምምነት መጠኑን ራሷ ትቀይራለች። ቁጥሩ እንደገና መውረዱን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ክኒኑ አልነበረም። «በዚህ ሳምንት ምን በሉ?» አለች። አክስቴ ሳቁ። «ልጄ፣ ጾም አይደል እንዴ? ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነዋ! ጎመንማ በየቀኑ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጉበታችን ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ይህንን ቫይታሚን በማደናቀፍ ነው። ለአንዲት ሴት በቀን 90 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይበቃታል፤ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ጎመን ግን ከዚያ 3 እጥፍ በላይ አለው። በጾም ጎመኑ ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል። መጠኑ ተጨምሮ ጾሙ ሲፈታና ጎመኑ ሲቀር ደግሞ ያው መድኃኒት ይበረታል። የአምናው ነስር እንቆቅልሽ ተፈታ።

(እኔ ነበርኩ አስተርጓሚዋ። «መርጋት» የሚለው ቃል ጠፍቶኝ «ደሙ እንደ እርጎ ይሆናል» ብዬ አረፍኩት። ወዲያው ገባቸው።)

ፋርማሲስቷ ጎመን ተዉ አላለችም። በሳምንት የሚበሉት መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ አስቀድመው ይንገሩኝ፣ መጠኑን በራስዎ አይቀይሩ አለች። አፒክሳባንን የመሳሰሉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ከጎመን ጋር ጠብ የላቸውም፤ ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ ላለው ሰው ግን ምርጫው አሁንም ዋርፋሪን ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የሚወስድ ካለ ይህን ጠይቁ።

በአሜሪካ ፋርማሲስት ለመሆን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የፋርም ዲ ዶክትሬት ግድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ዓመት ይፈጃል። ሰዎቹ የሚሠለጥኑት ክኒን ለመቁጠር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት በሎስ አንጀለስ ፋርማሲስቶች ጥቁር አሜሪካውያን ደንበኞች ወዳሉባቸው ፀጉር ቤቶች ሄደው፣ ከሐኪሞች ጋር በመስማማት የደም ግፊት መድኃኒት እዚያው አዘዙ። በ6 ወር የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ በ27 ወረደ፤ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ በመከራቸው ሰዎች ላይ ግን የወረደው በ9 ገደማ ነበር።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ እንዲህ አይሠራም? መልሱ ገንዘብ ነው ባይ ነኝ። ሜዲኬር ለሐኪምና ለነርስ ፕራክቲሽነር ምክር በቀጥታ ይከፍላል፤ በሕጉ የአገልግሎት ሰጪዎች ዝርዝር ውስጥ ፋርማሲስት ግን የለም። ክኒኑ ይከፈልበታል፣ ክትባቱም ይከፈልበታል፣ «ምን በሉ?» የሚለው ጥያቄ ግን በነፃ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ልምምድ በወጣችበት መድኃኒት ቤት ስልክ እያነሳች፣ ክትባት እየወጋች፣ ወረፋውን እያየች ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ አይደርሳትም። «4 ዓመት ምክር አስተምረውኝ መምከሪያ ሰዓት ነፈጉኝ» ትላለች።

ትምህርት ቤቶቹም ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 80 የነበሩት ከ140 በላይ ሆኑ፤ አመልካቹ ግን ቀነሰ። በ2023 የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት ከ80 በመቶ በታች ነበሩ። ብዙዎች ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ላይ ይጥሉታል። እኔ ግን ወንበር ለመሙላት የሚደረገው ጥድፊያና በዕዳ ተምሮ መጨረሻው ወረፋ መሆኑ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ፋርማሲስቷ የአክስቴን ቀጣይ ቀጠሮ ስትይዝ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጠየቀችኝ። የእኛ ከእነሱ እንደሚለይ ነግሬያት ስልኬ ላይ አየንና ለማግስቱ ሳምንት ቀጠረችልን።