ቀለም ያልነካው ሥዕል
በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



ራእይ ዮሐንስ ከምዕራፍ 21 ቁጥር 19 ጀምሮ የቅድስት ከተማ መሠረቶች ያጌጡባቸውን አሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ይዘረዝራል። ኢያስጲድ፣ ሰንፔር፣ ኬልቄዶን እያልን በፍጥነት አንብበን እናልፋለን፤ ሕፃናቱም መንግሥተ ሰማያትን እንደ ወርቅ ቤት አድርገው ይረዱታል። ይህን ስሕተት ለማረም፣ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዳንዶቹ በሰው እጅ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1588 ታላቁ መስፍን ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ በኢጣልያ፣ በፍሎሬንስ ከተማ የጠንካራ ድንጋይ ሥራ ቤት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1604 ጀምሮ በቅዱስ ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው የመሳፍንቱ የመቃብር ጸሎት ቤትም በዚሁ ጥበብ አጌጠ። (በእኔ አስተያየት ከእግዚአብሔር ይልቅ መሳፍንቱን ያከብራል፤ የእጅ ሥራው ግን ድንቅ ነው።) በ1590ዎቹ ደግሞ ኮዚሞ ካስትሩቺ የተባለ የፍሎሬንስ ባለሙያ በፕራግ፣ በንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ዳግማዊ ቤተ መንግሥት፣ ኮረብታና ድልድይ የሚታይባቸውን የድንጋይ ሠሌዳዎች ሠራ።

በእነዚህ ሠሌዳዎች ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም የለችም። ባለሙያው ሥዕሉን በወረቀት ነድፎ ይቆራርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ በሚስማማው ስስ ድንጋይ ላይ ይለጥፋል። ከዚያም በእንጨት ቀስት ላይ በተወጠረ የብረት ሽቦ፣ በውኃና በሚፍቅ ዱቄት እየታገዘ፣ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይቆርጣል። ለኮረብታው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ኢያስጲድ፣ ለጭጋጉ ነጣ ያለ ኬልቄዶን ይመርጣል። ጥላ የምትሆነውን አንዲት ጅማት ፍለጋ ብዙ ድንጋይ ያገላብጣል። ኢያስጲዱ ኮረብታ የሚሆነው ሳይቀባ፣ በተፈጠረበት መልኩ ነው።

ዮሐንስም ድንጋዮቹን በጅምላ አልጠራም፤ አንድ በአንድ በየስማቸው ቈጠራቸው። አስቀድሞም በቁጥር 14 በመሠረቶቹ ላይ የሐዋርያት ስሞች መጻፋቸውን ነግሮናል። እንግዲያውስ የሚናገረው ስለ ሀብት ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው።

ኩሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ወገኖች የተከፈተ መጠለያ ነው። እዚህ ኢያስጲድ አንፈልግም። የኑዌር ሕፃናት ከጭቃ ከብት መሥራትን ያውቃሉና ከዚያው ጀምሩ። እያንዳንዱ ልጅ መልኩ የተለየ አፈር፣ ከሰል፣ አመድ፣ ገለባ ወይም የሸክላ ስባሪ ያምጣ። በአንድ ጣውላ ላይ እርጥብ ጭቃ ለጥፋችሁ አንድ አገር በኅብረት ይሥሩ። የቀለም እርሳስ አትስጧቸው። የአንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር አልገጥም ቢል ቦታ ፈልጉለት እንጂ አትጣሉት። ልጁ የተወለደበትን መንደር ቢሠራም፣ የመጠለያውን ጎጆ ቢሠራም አታርሙት። በመጨረሻ ቁጥር 14ን አንብቡላቸውና እያንዳንዱ ስሙን ከቁራጩ አጠገብ ይጻፍ።